«የዋሸ ይጠጣል»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ምናባዊ ልብወለድ ይጽፋሉ፤ የጨነቃቸውም አንድ ነገር ነው፦ አስማት ያለበት ዕቃ የሠራውን ሰው እምቢ ሊለው ይችላል ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ስለፈለገ ቦታ ወስዷል፤ ሌሎቹን በልካቸው መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ታሪክ ወደ 6,000 ቃላት ነው። መቼቱ ከሐረጎ ቁልቁለት ዳር ያለች መንደር ናት። አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ጀበና ትሠራለች፤ ከዚያ ጀበና ቡና የጠጣ ሰው መዋሸት አይችልም። መጨረሻ ላይ ጀበናው ሴትዮዋ ላይ ይነሳባታል። ረቂቁን ያነበበችው ጓደኛዬ «ዕቃ ሠሪውን አይከዳም፤ ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ማን ነው ትክክል? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ዕቃው ማመፅ ይችላል። ጓደኛዎም ልክ ናቸው። በላኩልን ረቂቅ ጀበናው እስከ አሥራ አራተኛው ገጽ ቡና ያፈላል፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ድንገት ጠላት ሆኖ ቁጭ ይላል። በመሐል ምንም የለም። «ከየት አመጣሽው» የሚለው ቅሬታ የዚያ ባዶ ቦታ ቅሬታ ነው።

መጀመሪያ አመፅን ከሁለት ጎረቤቶቹ እንለየው። አንዱ ብልሽት ነው። ጀበናው ተሰንጥቆ የፈላ ቡና ጉልበቷ ላይ ቢደፋ አደጋ እንጂ አመፅ አይባልም። ሌላው ከልክ ያለፈ ታዛዥነት ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች አመፅ ጻፍን ብለው የሚጽፉት ይህንን ነው። ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ በ1797 እ.ኤ.አ. በጻፈው ግጥም የአስማተኛ ደቀ መዝሙር መጥረጊያውን «ውሃ ቅዳ» ብሎ ያዘዋል፤ ማስቆሚያውን ቃል ግን ረስቶታል። መጥረጊያው ቤቱን እስኪያጥለቀልቅ ይቀዳል፤ በመጥረቢያ ቢሰነጥቀው ሁለት ሆኖ ይቀዳል። ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ በሁለተኛው መቶ ዘመን፣ በግሪክኛ ይጽፍ የነበረው ሉቅያኖስ ያንኑ ታሪክ በዘነዘና ተርኮታል። መጥረጊያውም ዘነዘናውም አላመፁም፤ የተባሉትን ነው ያደረጉት።

አመፅ የሚሆነው ዕቃው የተፈለገበትን አውቆ፣ ማድረግ እየቻለ፣ አላደርግም ሲል ነው። እዚህ ላይ የእርስዎ ጀበና ከብዙ የልብወለድ ሰይፎችና ቀለበቶች ይሻላል፤ ማወቁን ገና ሲሠራ ሰጥተውታል። ውሸትን ከእውነት የሚለይ ዕቃ ነው። እንግዲያው ሴትዮዋ ራሷ ዋሽታ ታውቃለች ወይ? ረቂቁ ውስጥ ይህ ጥያቄ አንድም ቦታ አልተነሳም፤ ታሪኩ ያለው ግን እዚያ ነው። አንድ ውሸት ይስጧት። ትንሽ አይሁን፤ የሰው ዕድሜ የበላ ውሸት ይሁን፣ የሌላ ሰው ልጅ የኔ ነው ብላ እንደማሳደግ ያለ። ጀበናውን የሠራችው የሌላውን ሰው ውሸት ለማውጣት ነው፤ የራሷን አላሰበችውም።

ቀጥሎ የአሠራሩ ትዕይንት ነው። አሁን 90 ቃላት ነው፤ 800 ይስጡት። የአመፁ ዘር የሚገባው እዚያ ስለሆነ ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ማሳየት ግዴታ ነው።

አፈሩ ይቆፈራል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከዚያ አሸዋ ወይም ተወቅጦ የተነፋ ገል ይገባበታል። ይህ ካልገባ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ እሳትም አይችልም። ገሉ የማን ስባሪ ነው? ለአስማት ታሪክ ከዚህ የተሻለ በር አይገኝም። የእናቷ ጀበና ስባሪ ከሆነ፣ አዲሱ ጀበና ውስጥ የእናቷን ቤት ወሬ ሁሉ የሰማ አሮጌ ጀበና ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበሉትና ይለፉት።

ቅርጹ በእጅ ይወጣል፦ ሆዱ፣ አንገቱ፣ እጀታው፣ የሚቀዳበት አፉ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ ከወጣ ውጩ ከውስጡ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጽሑፍ የሚቀረጸው ግማሽ ደርቆ እንደ ቆዳ ሲጠነክር ነው፤ ጣት ሲጫኑት አይሰረጎድም፣ ጥፍር ሲጭሩት ግን ይጫራል። ቀድሞ ከተቀረጸ ፊደሉ ይድፈነፈናል፣ ዘግይቶ ከተቀረጸ ጠርዙ ይፈረፈራል። ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ማሸቱ ያንጸባርቀዋል፣ ስስ ጭረትን ግን ያጠፋል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እሳት ከገባ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣና ያፈነዳዋል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ወፍራሙ ቂጡ ነው። መጨረሻ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። አፈሩ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ቅንጣት ተደብቆ ከነበረ እሳቱ ያቃጥለዋል። ሸክላው ከእሳት ሲወጣ ምንም አይታይበትም፤ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ቡና ይፈላበታል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ያቺ ቅንጣት እርጥበት ስባ ታብጥና ከላይዋ ያለውን ሸክላ እንደ ቅርፊት ታስፈነጥረዋለች። የሚቀረው ትንሽ ክብ ጉድጓድ ነው፤ እሆዱ ውስጥ ነጭ ነጥብ።

አሁን ጀበናው ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ወደሚለው እንምጣ። በረቂቅዎ «እውነትን የሚያወጣ» የሚል አለ። ይሰርዙትና «የዋሸ ይጠጣል» ብለው ይጻፉ።

ጮክ ብለው ያንብቡት። የመጀመሪያው «ጠ» ላልቶ ሲነበብ የዋሸ ሰው ከዚህ ቡና ይጠጣል፣ ጠጥቶም እውነቱን ይናገራል ማለት ነው። ሴትዮዋ የቀረጸችው ይህንን ነው። ያው «ጠ» ጠብቆ ሲነበብ ግን የዋሸው ራሱ መጠጥ ይሆናል። ፊደሉ አንድ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱም ንባብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሸክላው ላይ ተቀርጿል። በአንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት የሚጠብቅ ፊደል አናቱ ላይ ነጥብ ይደረግበታል፤ ሴትዮዋ እንዲላላ ስለፈለገች ምንም አላደረገችበትም። አንድ ቀን ጠዋት ጀበናዋን ስታጥብ «ጠ» አናት ላይ ነጭ ነጥብ ታያለች።

ማን አደረገው? ኖራው ነው ብሎ የሚያምን አንባቢ ኖራ ይበለው፤ ጀበናው ነው የሚልም አያጣም። እርስዎ አይፍረዱ። ጓደኛዎ ደግመው ከጠየቁ የሚሰጧቸው መልስ ይህ ነው፦ ጀበናው ከተሰጠው ቃል አንዲት ፊደል አልወጣም፤ ሠሪዋ ራሷ ካስቀመጠችለት ሁለት ንባብ አንዱን መረጠ። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምና ወርቅ ይለዋል። እኛ ወርቁን ጀበናው አገኘው እንላለን።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሴትዮዋ ፊደል ታውቃለች? ካላወቀች የቀረጸችው ሌላ ሰው የጻፈላትን ነው፤ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ጸሐፊው ይሄዳል፣ አመፁም የዕቃው መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ማንበብ ትወቅ። የት እንደተማረች አንድ መስመር ይበቃል።

ንግሩን፣ ማለትም ኋላ የሚመጣውን ቀድሞ የሚጠቁመውን ምልክት፣ የት የት እናስቀምጠው ለሚለው ቡናው ራሱ መንገዱን ይዞ መጥቷል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ታሪኩን በሦስት ቡና ይክፈሉት።

በአቦል ጀበናው ይታዘዛል። አንድ ጎረቤት ይጠጣል፣ የሰረቀውን በግ ይናገራል፣ ቤቱ ይስቃል። በዚህ መሐል አንባቢ የሚያየው አንድ ነገር ይኑር፦ ሴትዮዋ ለሁሉም ትቀዳለች፣ የራሷ ሲኒ ግን ደርቆ ይቀራል። «ፈርታ ነበር» ብለው አይጻፉ። ሲኒው ባዶ መሆኑን ብቻ ይጻፉ።

በቶና ይጎድላል። ጀበናው ስድስት ሲኒ የሚወጣው ነው፤ ይህን በአቦል ላይ በቁጥር ተናግረዋል። አሁን ያው ውሃ ገብቶ፣ ያው ጊዜ ፈልቶ፣ ሰክኖ ሲቀዳ አምስት ብቻ ይወጣል። ሴትዮዋ አተላው ይዞት ነው ብላ ታዘነብለዋለች፤ ጠብ የሚል የለም። ሲነሳ ግን ይከብዳል። የዚህን ጊዜ ነጥቡ ከታየ ሁለት ቀን ሆኖታል።

በበረካ ያቺ ስድስተኛ ሲኒ ትመጣለች። ምርቃቱ እየተመረቀ፣ ሰዉ «አሚን» እያለ፣ ጀበናው ሳይነካ የሴትዮዋን ደረቅ ሲኒ ይሞላል። በረቂቅዎ እዚህ ቦታ መብረቅ አለ፣ ጩኸት አለ፣ የሚሰበር መስኮት አለ። ሁሉንም ያውጡት። ሲኒው ሲሞላ የሴትዮዋ ድምፅ እየሳሳ ይሂድ፤ ምርቃቱን የጀመረችው እሷ ናት፣ የሚጨርሰው ሌላ ሰው ነው። ሲኒውን ማን እንደሚያነሳው የእርስዎ ፈንታ ነው፤ እኛ ብንሆን ልጄ ብላ ያሳደገችው ልጅ እንዲያነሳው እናደርግ ነበር።

ስለ ቋንቋው ሁለት ነገር። አማርኛ ዕቃን በወንድም በሴትም አንቀጽ ይጠራል፤ ሌላ ቋንቋ የሌለው ሀብት ነው ባይባልም በምናባዊ ልብወለድ ሲጠቀሙበት ብዙ አናይም። እስከ ቶና «ጀበናው ፈላ»፣ «ጀበናው ተቀዳ» ይበሉ። ነጥቡ ከታየ በኋላ «ጀበናዋ» ይበሉ፤ ግሱንም ከተደራጊ ወደ አድራጊ ያዙሩት፦ «ጀበናዋ ቀዳች»። ሳይናገሩ ነፍስ ዘሩባት። አራሚ መጥቶ አንድ ወጥ ላድርገው እንዳይል ግን ከረቂቁ ጋር ማስታወሻ ይላኩ። ይህ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ሁለተኛው አንቱታ ነው። ጀበናው ይናገር ካሉ በጠቅላላው ከሦስት ዐረፍተ ነገር አይበልጥ። ሁለቱን ጊዜ ለሴትዮዋ «አንቱ» ይበላት፤ ለታላቅ ሰው እንደሚባለው። ሦስተኛውን ጊዜ «አንቺ»። አንባቢ የሚደነግጠው በዚያች ቃል ነው፤ ከመብረቁ ይልቅ።

አንድ የምንጨነቅበት ነገር ደግሞ አለ። ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ በአገራችን ለብዙ ዘመን «ቡዳ» እየተባሉ ተገልለው ኖረዋል። ሴትዮዋን የጎዳት ሙያዋ የመሰለ ታሪክ ያንን ስድብ ደግሞ ይጽፈዋል። መንደሩ አስቀድሞ ይህን ስም አውጥቶላት ከሆነ ያሳዩት፤ ጀበናው የሚከሳት ግን በዋሸችው ብቻ ይሁን። እንዲያውም ስሙን ያወጣባት ሰው በአቦል ላይ ቢጠጣና የራሱን ቢያወጣ ሚዛኑ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ የምሠራው ሽመና መኪና ላይ ነው። የጀመርኩት ልብወለድ ውስጥ አንድ አዋቂ ሰው የሠራው የሽመና መኪና አለ፤ የሚያወጣውን ጨርቅ የለበሰ አይሞትም። መኪናው እንዲያምፅ እፈልጋለሁ። ግን መኪና ፍላጎት የለውም። እንዲናገር ላድርገው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይናገር። ሽመና ቤት ውስጥ እንኳን መኪና ሰውም አይሰማም።

መኪና እምቢ ማለቱን እርስዎ በየቀኑ ያዩታል። እያንዳንዱ የድር ክር ላይ ቀጭን የብረት ምላስ ትንጠለጠላለች። ክሩ እስካለ ተሸክሟታል፤ ሲበጠስ ትወድቃለች፣ ስትወድቅ የኤሌክትሪኩ መስመር ይገጥምና መኪናው ይቆማል። ማጉም ሲበጠስ የሚያስቆመው የራሱ ነገር አለው። ሠሪው ሆን ብሎ የሰጠው እምቢታ ነው፤ «ክር ሲጎድል አትታዘዘኝ» ብሎታል። አመፁ የሚበቅለው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለት አቅጣጫ።

አንደኛው ሳይበጠስ መቆም ነው። ሠራተኛው ክሩን ሁሉ ይፈትሻል፣ የወደቀች ምላስ የለችም፣ ያስነሳዋል፣ ይቆማል። ለአጭር ታሪክ ይሆናል፤ ግን አንባቢ ብልሽት ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም፤ ጠጋኝ ይጠራል፣ ታሪኩም ወደ ጥገና ክፍል ይሄድብዎታል።

ሁለተኛው ተበጥሶም አለመቆም ነው። እኛ ይህንን እንመርጣለን። ስፋቱ 160 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በሳንቲ ሜትር 30 የድር ክር ያለው ጨርቅ ያስቡ፤ 4,800 ክር ነው። አዋቂው ሰው የራሱን ዕድሜ ከአንዲቱ ክር ጋር አስሯል፤ የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቀው እሱና መኪናው ናቸው። አንድ ሌሊት ያቺ ክር ትበጠሳለች። ምላሷ ትወድቃለች። መኪናው አይቆምም። በሳንቲ ሜትር 20 ማግ የሚገባ ከሆነና መኪናው በደቂቃ 200 ማግ ከወረወረ በደቂቃ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በ8 ሰዓት ፈረቃ 48 ሜትር ጨርቅ ይወጣል። ጠዋት ፈረቃ ሲቀየር በ48 ሜትሩ ጨርቅ ላይ ከመሐል ጀምራ እስከ ጫፍ የሄደች አንዲት ስስ መስመር አለች፤ ብርሃን ላይ ካልዘረጉት አትታይም። መስመሯ የተጀመረችበትን ቦታ ከጫፉ ለክቶ በ10 ሳንቲ ሜትር ያካፈለ ሰው አዋቂው ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ላይ እንደሞተ ያውቃል። ይህን ስሌት ለአንድ ፈረቃ ተቆጣጣሪ ገጸ ባሕርይ ይስጡት፤ በእስክርቢቶ መዳፉ ላይ ይሥራው።

ፍላጎቱን በተመለከተ መኪናው ምን እንደሚጠላ ይወስኑ፤ ምን እንደሚወድ ማወቅ አያስፈልግዎትም። ያለ ማቋረጥ ሲሠራ የኖረ ዕቃ መቆምን ሊመኝ ይችላል፤ ሠሪው እስካለ ግን መቆም አይፈቀድለትም። በቃ፣ ምክንያት ሆነ።

በጥንት የግሪክ ተረት ታሎስ የሚባል የነሐስ ግዙፍ የቀርጤስን ደሴት በቀን ሦስት ጊዜ እየዞረ ይጠብቅ ነበር። በሰውነቱ የሚሄደው አንድ የደም ሥር ብቻ ነበር፤ እሱም ቁርጭምጭሚቱ ላይ በምስማር የተደፈነ። ምስማሩ ሲነቀል ፈስሶ አለቀ። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ምስማሩ የት እንዳለ ከመጀመሩ በፊት ማወቅ አለበት። የእርስዎ ታሪክ ልዩነቱ ምስማሩ የተመታው ሠሪው ላይ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ በታሪኬ ውስጥ እንደ ሰሎሞን ቀለበት ያለ ቀለበት አለ፤ ክታብም አለ። ቀለበቱ የሚታዘዘው ለሠራው ነው፣ ለገዛው ነው ወይስ ጣቱ ላይ ላጠለቀው? ክታብ መጠቀሙስ ሰውን አያስቀይምም? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ሦስቱን አንድ ላይ አያድርጓቸው። ሠሪ፣ ባለቤት፣ ያዥ የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ነው ታሪክ የሚገኘው። በአይሁድ ታልሙድ እንደተተረከው ሰሎሞን የአጋንንቱን አለቃ አሽመዳይን በሰንሰለት አስሮ ያሠራው ነበር። አንድ ቀን «ከእኛ የምትበልጡት በምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። አሽመዳይም ሰንሰለቱን ፍታልኝ፣ ቀለበትህን ስጠኝ፣ ላሳይህ አለው። ንጉሡ ሰጠው። አሽመዳይ ንጉሡን 400 ፋርሳንግ (የጥንት የርቀት መለኪያ ነው) አርቆ ወረወረውና በዙፋኑ ተቀመጠ። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ያመፀው አሽመዳይ ነው። ቀለበቱ ለማንም አላደላም። ጥያቄዎ «ቀለበቱ ያምፃል ወይ» ከሆነ የሰሎሞንን መንገድ አይከተሉ፤ እዚያ ቀለበት መሣሪያ ብቻ ነው።

ክታብ ይሻልዎታል፤ ምክንያቱም ስም ይዟል። በጥቅል ብራና የሚጻፈው ክታብ እንደ ልማዱ ርዝመቱ የባለቤቱን ቁመት ያህላል፤ አንድ ቆዳ ስለማይበቃ ቁራጮቹ እየተሰፉ ይቀጠላሉ። በጸሎቱ መሐል የባለቤቱ የክርስትና ስም እየተደጋገመ ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ያ ስም ይፋቅና አዲሱ ይጻፍበታል፤ የተፋቀው ቦታ ብራናው ላይ ሻክሮ ይታያል።

ከዚህ ሁለት ዓይነት አመፅ ይወጣል። አንደኛው በፋቂው ስንፍና ነው፦ ስሙ አሥራ ሁለት ቦታ ነበር፣ የተፋቀው አሥራ አንዱ ነው። ክታቡ ከአሥራ ሁለት ሌሊት አንዱን የድሮ ጌታውን ይጠብቃል። ሁለተኛው በልኩ ነው። በስድስት ዓመቱ 110 ሳንቲ ሜትር ለነበረ ልጅ የተሠራ ክታብ፣ ልጁ አድጎ 170 ሲደርስ 60 ሳንቲ ሜትር ያጥረዋል። ክታቡ ልጁን ያውቃል፣ ጎልማሳውን አያውቅም። ታማኝነቱ አልጎደለም፤ ያረጀው ልኩ ነው። ከየትኛው ወገን ነው የሚያጥረው? ከእግር በኩል ነው ካሉ ሰውየው መንገድ ይስታል፤ ከራስ በኩል ከሆነ ሕልሙ ይከፈታል። አንዱን ይምረጡ፣ በሁለቱ መሐል አይዋልሉ።

ስለ መቀየም፦ በወሎ ክታብ የሚያስር ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ የሚያወግዝም ከሁለቱም ወገን አለ። እውነተኛ ጸሎትና አስማት ቃል በቃል አይቅዱ፤ የመላእክት ስም አይንኩ። ስሞቹን ራስዎ ይፍጠሩ፣ የብራናውን፣ የስፌቱንና የፍቀቱን ነገር ግን እንዳለ ይውሰዱ። አንባቢ የሚያምነው ስፌቱን ሲያይ ነው።

አጫጭሮቹን ደግሞ እነሆ።

ዕቃው ከማመፁ በፊት ስንት ንግር ልስጥ ላልከን የሆጤ ተማሪ፦ ሦስት ይበቃል። አንዱ ዕቃው ሲሠራ፣ አንዱ አንባቢ በሳቅ የሚያልፈው፣ አንዱ ሌላ ምክንያት ያለው የሚመስል። አራተኛ ከጨመርክ አንባቢ ቀድሞህ ይደርሳል። ረቂቁን መጨረሻውን ገጽ ቀድደህ ለሰው ስጥ፤ ምን ይሆናል ብለህ ጠይቀው። በትክክል ከነገረህ አንድ ንግር ቀንስ። መጨረሻውን ካሳየኸው በኋላ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ ካገላበጠ ደግሞ አትንካው፣ ደርሰሃል።

ሠሪው ከሞተ በኋላ ዕቃው ማመፅ ይችላል ወይ ላሉን የኮምቦልቻ አንባቢ፦ በሞተ ሰው ላይ የሚታመፀው በኑዛዜው በኩል ነው። ሠሪው «ለታላቁ ልጄ» ብሎ የተወውን ሰይፍ ታናሹ ብቻ ከሰገባው መምዘዝ ከቻለ አመፅ ነው። ታላቁ ደግሞ መዝገብ አለው፣ ምስክር አለው፣ ሽማግሌ አለው። ሰይፉን ሽማግሌዎቹ ፊት አቅርበው ይጻፉት፤ ሰገባው ውስጥ እንዳለ።

ዕቃው አሸንፎ ቢቀርስ ላሉን ደግሞ፦ ያሸንፍ። ግን ካሸነፈ በኋላ ማን ያጥበዋል፣ ማን ያስቀምጠዋል፣ የት መደርደሪያ ላይ? ጀበና ከሆነ ነገ ጠዋት ቡና ይፈላበታል ወይስ አይፈላበትም? የመጨረሻው ገጽ ላይ ይህ ይመለስ፤ ሌላው ይቆይ።